የተቃጠለ ፌራሪ በ1.875 ሚሊዮን ዶላር፦ የክላሲክ ስፖርት መኪና ጨረታ ዋጋ እንዴት ይነበባል?

ኦገስት 2023 ላይ፣ ካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ውስጥ፣ አንድ ፌራሪ ለጨረታ ቀረበ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ፌራሪ ሲባል ቀይና የሚያብረቀርቅ ነገር እንዳይታያችሁ። የቀረበው የተጨራመተ፣ ዝገት የበላው ላሜራ ነው። በሩ የቱ ጋ እንደነበር፣ ኮፈኖው ከየት እንደሚጀምር ለመለየት እንኳን ያስቸግራል። በ1960ዎቹ ተጋጭቶ ተቃጠለ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልጠገነውም። ጨረታው ሲያልቅ ዋጋው 1 ሚሊዮን 875 ሺህ ዶላር ሆነ።

ፎቶውን ያየ ሰው ወይ ይስቃል ወይ ይናደዳል። ገዢው ግን አላበደም። የከፈለው ለሻንሲ ቁጥሩ ነው፤ 0406 ኤምዲ። በዚህ ቁጥር የሚታወቀው መኪና በ1954 የተሠራ 500 ሞንዲያል የተባለ የውድድር ፌራሪ ነው። ፒኒን ፋሪና የተባለው የጣሊያን ቦዲ ሠሪ ጣሪያ የሌለው ቦዲ የሠራላቸው ሞንዲያሎች 13 ብቻ ናቸው። ይሄኛው በዚያው ዓመት ሚሌ ሚሊያን ሮጧል። ከብሬሺያ ተነስቶ ሮም ደርሶ የሚመለስ፣ 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚፈጅ፣ በተራ መንገድ ላይ የሚካሄድ ውድድር ነበር። አሁን ገዢው ቁጥሩንና ታሪኩን ይዞ ጥሩ ጋራዥ ቢሄድ፣ ከብዙ ወጪ በኋላ የሚወጣው መኪና ያው የ1954ቱ ፌራሪ ይባላል። ቁጥሩ ሳይኖረው አንድ ብሎን ሳያጎድል ቢያሠራው ግን ቅጂ ነው። ገንዘቡ የተከፈለው ለዚያ ልዩነት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው የነገሩን ጫፍ ያውቀዋል። ስም ሲዛወር የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል። ካልገጠመ ጣጣ ነው። በክላሲክ መኪና ዓለም ግን ቁጥሩ ከሕግ ጉዳይ አልፎ ዋጋውን ራሱን ይወስናል። የመኪናው ሁኔታ፣ ማለትም ቀለሙ፣ ሞተሩ፣ ወንበሩ፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ይሄን ቅደም ተከተል ያልያዘ ሰው የጨረታ ዜና ሲያነብ ግራ ይጋባል።

መዶሻው ሲመታና ዜናው ሲወጣ

መጀመሪያ ቁጥሮቹን እንፍታቸው። አጫራቹ መዶሻውን ሲመታ የተጠራው ዋጋና በዜና የምናነበው ዋጋ አንድ አይደሉም። ገዢው በመዶሻው ዋጋ ላይ ለአጫራቹ ድርጅት ኮሚሽን ይጨምራል። የተቃጠለውን ፌራሪ የሸጠው አርኤም ሶዝቢስ አሜሪካ ውስጥ የሚያስከፍለው ከመጀመሪያው 250 ሺህ ዶላር ላይ 12 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ባለው ላይ 10 በመቶ ነበር። እናስላው። መዶሻው የወረደው 1.7 ሚሊዮን ላይ ነው። ኮሚሽኑ 30 ሺህ ሲደመር 145 ሺህ፣ በጠቅላላው 175 ሺህ ዶላር። እንግዲህ 1.875 ሚሊዮኑ የመጣው ከዚህ ነው። ሻጩ እጅ የሚገባው ከ1.7 ሚሊዮኑ ላይ የራሱ ኮሚሽን ተቀንሶ ነው። የሻጭ ኮሚሽን በድርድር ስለሚወሰን እኛ አናየውም። በጣም ውድ ለሆነ መኪና ድርጅቱ ጭራሹን ሊተወውም ይችላል።

ይሄ ተራ የሂሳብ ዝርዝር ሊመስል ይችላል። ግን በዚህ ብዙ ሰው ይሸወዳል። በ2018 እዚያው ሞንተሬይ አንድ ፌራሪ 250 ጂቲኦ በ48.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በጊዜው ለመኪና በጨረታ የተከፈለ ከፍተኛው ዋጋ ነው። ከጨረታው በፊት የተሰጠው ግምት ከ45 እስከ 60 ሚሊዮን ነበር። ስለዚህ “ግምቱ ውስጥ ገባ” ትላላችሁ። ግምት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ያለ ኮሚሽን ነው። መዶሻው የወረደው 44 ሚሊዮን ላይ ነው። ከግምቱ ወለል በታች ማለት ነው። ሪከርድ የሰበረው መኪና በአንድ በኩል ሲታይ የሚጠበቀውን ያህል አላወጣም። ዜናው ግን ስለ ሪከርዱ ብቻ ነው የሚያወራው።

ሁለተኛው የተደበቀ ቁጥር ሻጩ በምስጢር የሚይዘው ዝቅተኛ ዋጋ ነው። ከዚያ በታች አልሸጥም ይላል። አጫራቹ ያውቀዋል፤ አዳራሹ አያውቀውም። ዋጋው እዚያ እስኪደርስ ድረስ አጫራቹ ሻጩን ወክሎ ዋጋ እየጠራ ሊያንቀሳቅሰው ይችላል። በጨረታው ደንብ ላይ እስከተጻፈ ድረስ የተፈቀደ ነገር ነው። “4 ሚሊዮን ተሰጥቶበት አልተሸጠም” የሚል ውጤት ስታዩ ታዲያ እጁን ያነሳ ሰው ላይኖር እንደሚችል አስቡ። ያልተሸጠ መኪና ላይ የተጠራ ዋጋ ማስረጃ አይሆንም። ዝቅተኛ ዋጋ ሳይያዝለት የሚቀርብ መኪናም አለ፤ የተገኘው ዋጋ ይሁን ተብሎ ይሸጣል። እኔ በግሌ ይበልጥ የማምነው እንዲህ ያለውን ውጤት ነው።

የአዳራሽ ስሜት ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት የ2019ኙን የፖርሸ ታይፕ 64 ጨረታ ማስታወስ ይበቃል። በ1939 የተሠራ፣ ፖርሸ የሚባል የመኪና ድርጅት ገና ሳይቋቋም በፌርዲናንድ ፖርሸ የተነደፈ መኪና ነው። ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል ተብሎ ተጠብቋል። ጨረታው ሲጀመር ስክሪኑ ላይ 30 ሚሊዮን ወጣ። ሰው ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። 40፣ 50፣ 60፣ 70 ሚሊዮን! አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። አጫራቹ ያኔ ነው ያስቆመው። ሲጠራ የነበረው 13፣ 14፣ 15፣ 16፣ 17 ነው። በእንግሊዝኛ አስራ ሦስትና ሠላሳ፣ አስራ ሰባትና ሰባ ሲጠሩ ጆሮ ላይ ይቀራረባሉ፤ ስክሪኑን የያዘው ሰው የተሳሳተውን ሲጽፍ ቆይቷል። ሰዉ በንዴት ጮኸ፣ ጥሎ የወጣም አለ። መኪናው በ17 ሚሊዮን ከሻጩ ምስጢር ዋጋ ስላልደረሰ ሳይሸጥ ቀረ። እስከዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። ለሻጩ ግን ምን እንደሆነ መገመት ነው።

ኢንተርኔት ላይ ያለው ጨረታ ከዚህ ግርግር ትንሽ የራቀ ነው። በ2007 የተጀመረው ብሪንግ ኤ ትሬለር ጎልቶ ይታወቃል። ገዢ የሚከፍለው 5 በመቶ ሲሆን ጣሪያም አለው። ከመኪናው ሥር የተነሱ ፎቶዎች፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ሲነሳ የሚያሳይ ቪዲዮ፣ የቀለም ውፍረት ልኬት ጭምር ይለጠፋል። አዳራሽ ውስጥ በመብራት ታጥቦ ከሚታይ መኪና ይልቅ እንዲህ ያለው ብዙ ይናገራል። ሆኖም መንካትና ማሽተትን የሚተካ ነገር የለም። ውሃ የገባበት ምንጣፍ ሽታው በቪዲዮ አይታይም።

ከ1 እስከ 4

አሁን ወደ ሁኔታው እንምጣ። አሜሪካ ውስጥ ሃገርቲ የተባለው የመኪና ኢንሹራንስ ድርጅት ዋጋ የሚያወጣበት መለኪያ ብዙ ሰው የሚከተለው ነው። 1 ማለት የውድድር ሜዳ ላይ ቆሞ ዳኛ የሚሸልመው፣ እንከን የማይወጣለት መኪና። 2 በጣም ጥሩ ነው፤ ጉድለቱን የሚያገኘው ባለሙያ ብቻ ነው። 3 ጥሩ ሆኖ የሚነዳ፣ ቀረብ ብለው ሲያዩት ጭረትና የማርጀት ምልክት ያለው። 4 ይሄዳል፣ ግን ችግሩ ለማንም ይታያል። ሻጭ ሲናገር ሁሉም መኪና 2 ነው። ገዢ ቤቱ ወስዶ ሲያየው 3 ይሆናል። 1 የሚገባው መኪና በጣም ጥቂት ነው፤ ከተነዳም 1 ሆኖ አይቆይም።

በደረጃዎቹ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ሰፊ ነው። “3ቱን ገዝቼ አሳድሼ 1 አደርገዋለሁ” የሚል ሰው ግን ብዙ ጊዜ ይከስራል። ሙሉ እድሳት በሺዎች የሚቆጠር የባለሙያ ሰዓት ይበላል። ወጪው ከልዩነቱ ይበልጣል። ስለዚህ ሌላ ሰው ገንዘቡን አፍስሶ የጨረሰውን መግዛት ይረክሳል ይባላል፤ እኔም እስማማለሁ።

ይሄ መለኪያ የማይነግረን አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ መኪናው ምን ያህል ራሱ ነው? ሲወለድ የነበረው ሞተር አለ? ካምቢዮውስ? ቀለሙ ከፋብሪካ የወጣበት ነው? ሁለት መኪኖች እኩል 1 ሊያገኙ ይችላሉ። አንዱ የራሱ ሞተር አለው፤ ሌላው የዚያው ዓይነት፣ ከሌላ መኪና የመጣ ሞተር ይዟል። አነዳዳቸው አንድ ነው። ዋጋቸው ግን በጣም ይራራቃል።

የፖርሸ 911 ካሬራ አርኤስ 2.7ን እንውሰድ። 1,580 ገደማ ተሠርተዋል። ከኋላ እንደ ዳክዬ ጭራ ቀና ያለ ክንፍ አለው፤ በጎኑ ላይ ስሙ በትልቅ ፊደል ተጽፏል። ችግሩ እሱ ላይ ነው። የዚያኑ ዘመን ተራ 911 ገዝቶ ክንፉን መግጠምና ጽሑፉን መለጠፍ ቀላል ነው። ስለዚህ መልኩን ማንም አያምንም። የሻንሲ ቁጥሩ ከአርኤሶቹ ተርታ ነው ወይ? ሞተሩ 911/83 የሚል የዓይነት ምልክት አለው ወይ? ቁጥሩስ ከፋብሪካው መዝገብ ጋር ይገጥማል? ጥያቄው ይሄ ነው። ምክንያቱም ብረት ላይ ያለ ቁጥር ተፍቆ እንደገና ሊመታ ይችላል። ደህና መርማሪ የፊደሉን ቅርጽና በዙሪያው ያለውን የብረት ገጽ በአጉሊ መነጽር ያያል።

መርሴዲስ 300 ኤስኤልስ? በሩ እንደ ወፍ ክንፍ ወደ ላይ የሚከፈተው ነው። 1,400 ተሠርተዋል። ከነዚህ ውስጥ 29ኙ ሙሉ ቦዲያቸው አሉሚኒየም ነው። በጃንዋሪ 2022 አንድ የአሉሚኒየም 300 ኤስኤል አሪዞና ላይ 6.825 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ጥሩ የብረቱ በዚያ ዘመን 1.5 ሚሊዮን ዙሪያ ነበር። መንገድ ላይ ሁለቱ ቢቆሙ አትለዩአቸውም። ማግኔት ይዤ ልሂድ ትሉ ይሆናል። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፤ የብረቱም መኪና በሮቹ፣ ኮፈኖውና የዕቃ መጫኛው ክዳን አሉሚኒየም ናቸው። በሩ ላይ ማግኔት ሞክሮ “አገኘሁ!” ያለ ሰው ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ ላይ ሲደርስ ማግኔቱ ጥብቅ ይላል።

ይሄው መኪና ስለ ኪሎ ሜትርም የሚያስተምረው አለ። ነዳጁን የሚረጨው በሜካኒካል ፓምፕ ነው። ቁልፉ ሲዘጋ ሞተሩ ዞሮ እስኪቆም ድረስ ፓምፑ መርጨቱን ይቀጥላል። ያልነደደው ቤንዚን የሲሊንደሩን ዘይት አጥቦ ወደ ታች ይወርዳል፣ ዘይቱንም ያቀጥነዋል። ረጅም መንገድ ሲነዳ ዘይቱ ሞቆ ቤንዚኑ ይተናል። አጭር አጭር እየተነዳ የሚቆም መኪና ግን ውስጥ ውስጡን ይበላል። “ትንሽ ኪሎ ሜትር ነው የሄደው” የሚለው ማስታወቂያ ስለ ሞተሩ ጤንነት ምንም ማረጋገጫ አይሰጥም።

አቧራው የሚሸጥበት ጊዜ

በፌብሩዋሪ 2015 ፓሪስ ላይ አርትኪዩሪያል የተባለው አጫራች የባዮን ቤተሰብ መኪኖችን አቀረበ። ሮዤ ባዮን የትራንስፖርት ነጋዴ ነበር። ሙዚየም ለመክፈት አስቦ አሮጌ መኪኖች ሰበሰበ። በ1970ዎቹ ንግዱ ከሰረና ሐሳቡም ቀረ። መኪኖቹ ምዕራብ ፈረንሳይ በሚገኝ እርሻ ላይ፣ አንዳንዶቹ በክፍት ዳስ ሥር፣ ለአሥርት ዓመታት ተጣሉ። 59 መኪኖች ለጨረታ ሲወጡ አብዛኞቹ ፍርስራሽ ነበሩ። በመካከላቸው ግን የአሮጌ ጋዜጣና መጽሔት ክምር የተጫነበት የ1961 ፌራሪ 250 ጂቲ ካሊፎርኒያ ተገኘ። በአንድ ወቅት የፊልም ተዋናዩ አለን ዴሎን የነበረ ነው። 16.3 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ።

አዘጋጆቹ አላጠቡትም። ማጠብ ኪሳራ ነው። አቧራው፣ የተሰነጠቀው ቆዳ፣ የደበዘዘው ቀለም አንድ ነገር ይመሰክራሉ፤ ማንም አልነካውም። ባለሙያዎች “መኪና ኦሪጅናል የሚሆነው አንዴ ብቻ ነው” ይላሉ። ቀለም አንዴ ከተፋቀ የፋብሪካውን ቀለም መልሶ ማምጣት አይቻልም። ከሠላሳ ዓመት በፊት እንዲህ ያለ መኪና የገዛ ሰው ወዲያው አሳድሶ ያብለጨልጨው ነበር። ዛሬ ትልልቆቹ የክላሲክ መኪና ትርዒቶች ላይ ላልታደሱ መኪኖች ብቻ የተለየ ምድብ አለ። ይሄ ሁሉ የሚሠራው ግን መኪናው ብርቅ ሲሆን ነው። ተራ መኪና ላይ ያለ አቧራ አቧራ ነው።

ሁሉም ነገሩ የተቀየረ መኪናስ? ስለዚህ ለንደን ውስጥ ፍርድ ቤት ተከራክረውበታል። ኦልድ ነምበር ዋን የሚባለው ቤንትሌይ የሌ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር በ1929ም በ1930ም አሸንፏል። ከዚያም በሌሎች ውድድሮች ሮጧል። በ1932 ብሩክላንድስ በተባለው የእንግሊዝ የውድድር ሜዳ ላይ ተጋጭቶ ሾፌሩ ክላይቭ ደንፊ ሞተ። በነዚያ ዓመታት ሻንሲው፣ ሞተሩ፣ ቦዲው፣ ሌላውም በየጊዜው ተለዋውጧል። ከ1929ኙ መኪና የቀረው ነገር እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በኋላ አንድ ገዢ በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ሊገዛው ተስማማ፤ ቆይቶ “ይሄ እኮ እሱ አይደለም” ብሎ አፈገፈገ። ሻጩ ከሰሰ። በ1990 ዳኛው ለሻጩ ፈረዱ። የውድድር መኪና ዕቃ እየተቀየረለት ነው የሚኖረው፤ ታሪኩ ሳይቋረጥ ቀጥሏል፤ በዚህ ስም ሊጠራ የሚችል ሌላ መኪናም የለም። ፍርዱን የሚተቹ ዛሬም አሉ። የተቃጠለውን ፌራሪ የገዛው ሰው ግን የሚተማመነው በዚሁ አስተሳሰብ ነው።

መርማሪ ሲቀጠር ታዲያ ሥራው ግማሹ ወረቀት ነው። የባለቤቶች ስም ዝርዝር ሳይቆራረጥ ይገኛል? የውድድር ፎቶዎቹ ላይ ያለው ጭረትና ቀዳዳ ብረቱ ላይ አለ? ፋብሪካው ራሱ የሰጠው ማረጋገጫ፣ ለምሳሌ ፌራሪ ክላሲኬ የሚያወጣው ሰነድ፣ አለ ወይ? ከዚያ ነው ሥሩ የሚገባው። የቀለም መለኪያ በማይክሮን ያነባል፤ ቁጥሩ በድንገት ሲዘል ሥሩ ስቱኮ አለ ማለት ነው። በእጅ የተሠሩ የ1950ዎቹ የጣሊያን መኪኖች ግን ከፋብሪካም ሲወጡ እርሳስና ስቱኮ ነበረባቸው። መለኪያውን ብቻ የሚያምን ሰው ንጹሑን መኪና ጥሎ ሊሄድ ይችላል።

ዋጋውስ ሁሌም ይወጣል? ኤንዞ ፌራሪ ኦገስት 1988 ላይ ሲሞት የፌራሪ ዋጋ ሰማይ ነካ። በ1989 አንድ 250 ጂቲኦ 13 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ። ሰው በብድር ይገዛ ነበር። ቀጥሎ ገበያው ፈረሰ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ጂቲኦ 3 ሚሊዮን ገደማ ይገኝ ነበር። በ2014 38.1 ሚሊዮን፣ በ2018 48.4 ሚሊዮን፣ በ2023 51.7 ሚሊዮን ዶላር። ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ ይመስላል። ግን የመጨረሻው ከወትሮው ጂቲኦ የሚለይ ባለ 4 ሊትር ሞተር መኪና ነው፤ ከ60 ሚሊዮን በላይ ተጠብቆ ነበር። ከ2018 እስከ 2023 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የዕቃ ዋጋ ራሱ በአማካይ ከ20 በመቶ በላይ ጨምሯል። ሪከርድ ስለተሰበረ ብቻ ገበያው አድጓል ማለት አይቻልም።

በሜይ 2022 መርሴዲስ ሽቱትጋርት በሚገኘው ሙዚየሙ ውስጥ፣ በግብዣ ብቻ በተገባ ጨረታ፣ የ1955ቱን 300 ኤስኤልአር ኡህለንሃውት ኩፔ በ135 ሚሊዮን ዩሮ ሸጠ። በዓለም ሁለት ብቻ አሉ፤ ሌላኛው እዚያው ሙዚየም ቀረ። የሚወዳደረው ስለሌለ ስለሌላ መኪና ዋጋ የሚነግረን ነገር የለም።

ይልቅ ገበያው ወዴት እያዘነበለ እንደሆነ የሚያሳየው ማክላረን ኤፍ 1 የተባለው የ1990ዎቹ የመንገድ መኪና ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚገዛው በጉርምስናው ግድግዳው ላይ የለጠፈውን መኪና ነው። ያ ትውልድ ደግሞ ዛሬ የ1980ዎቹንና የ1990ዎቹን መኪኖች ይፈልጋል። በኦገስት 2021 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የሄደ ኤፍ 1 20.465 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ያን ያህል ያስወጣው አለመነዳቱ ነው። አዲሱ ባለቤት በነዳው ቁጥር የገዛውን ነገር ይቀንሳል። ካልነዳውም ወጪው አይቀርለትም፤ የዚህ መኪና ነዳጅ መያዣ በየ5 ዓመቱ መቀየር አለበት፣ ለዚያም ሞተሩ መውረድ አለበት።